ከአናፖሊስ እስከ ካፒቶል ሂል

በ2022 (እ.ኤ.አ.) ጃንዋሪ ወር ወደ አናፖሊስ የሄድኩት ኢንተርን (ተለማማጅ ሠራተኛ) ሆኜ ነበር። አናፖሊስ የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቆረቆረች፣ ቀይ ጡብ የበዛባት ትንሽ ከተማ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ስቴት ሀውስ ግንባታው የተጀመረው በ1772 ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን የጦር አዛዥነቱን ያስረከበውም በዚሁ ሕንፃ ውስጥ በ1783 ነበር። ከሕንፃው ቁልቁል በእግር ጥቂት እንደ ሄዱ ሲቲ ዶክ የሚባለው ወደብ ይገኛል። እዚያ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ባሕሩ ሞልቶ መንገድ ላይ ይወጣል። እኔ ሥራ ከመጀመሬ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኦክቶበር 2021 መጨረሻ፣ ውኃው የወደቡን አካባቢ አጥለቅልቆት ነበር። የሱቅ ባለቤቶቹ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ የአየር ንብረት ለውጥ ለእነሱ ደጃፋቸው ላይ የሚደረደር የአሸዋ ከረጢት ነው።

የሜሪላንድ ምክር ቤት የሚሠራው በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው። በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ይከፈትና በኤፕሪል፣ በ90ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ረቂቅ ሕጎች ይቀርባሉ። እስከዚያች እኩለ ሌሊት ሁለቱም ምክር ቤቶች፣ ሴኔቱና የተወካዮች ምክር ቤቱ፣ ያልተስማሙበት ረቂቅ ይሞታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከዜሮ ይጀምራል። እኔ የምሠራበት ቢሮ አንድ የምክር ቤት አባል፣ አንዲት ረዳትና ኢንተርኖች ብቻ ነበሩት። ጠዋት ኢሜይል እንለያለን፣ ስልክ እናነሣለን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ረቂቅ በአንድ ገጽ እናሳጥራለን፦ ምን ያደርጋል፣ ማን ይደግፈዋል፣ ማን ይቃወመዋል፣ ስንት ያስወጣል። ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ከየረቂቁ ጋር በሚያያይዙት የወጪ ማስታወሻ ውስጥ ይገኛል። አለቃዬ በመጀመሪያው ሳምንት የነገረችኝ ይህን ነበር፦ «ረቂቁን ከማንበብሽ በፊት የወጪ ማስታወሻውን አንብቢ። ሕጉ ማን ላይ እንደሚያርፍ የምታውቂው ከእሱ ነው።»

ያን ዓመት የሁሉም ዓይን ያረፈው ሴናተር ፖል ፒንስኪ ባቀረቡት የአየር ንብረት ረቂቅ ላይ ነበር። የዚያ ረቂቅ ታላቅ ወንድም በ2021 ሁለቱ ምክር ቤቶች መስማማት ስላቃታቸው በመጨረሻው ሰዓት ሞቷል። አዲሱ ረቂቅ ክፍለ ግዛቱ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቱን ከ2006 መጠን በ60 በመቶ እስከ 2031 እንዲቀንስ፣ በ2045 ደግሞ የተጣራ ልቀቱ ዜሮ እንዲሆን ያዛል። ከ35,000 ካሬ ጫማ በላይ የሆኑ ሕንፃዎችም ልቀታቸውን በ2030 በ20 በመቶ እንዲቀንሱ፣ በ2040 ደግሞ ወደ ዜሮ እንዲያወርዱ ያስገድዳል። ሲጀመር አዳዲስ ሕንፃዎች ያለ ጋዝ፣ በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሠሩ የሚል አንቀጽም ነበረበት። ትግሉ ሁሉ የተነሣው በዚያ አንቀጽ ነው።

የኮቪዱ ኦሚክሮን ገና ስላላለፈ ክርክሩን በአብዛኛው የተከታተልነው በዙም ነበር። አስተያየት ሰጪው አስቀድሞ በኢንተርኔት ይመዘገባል፤ ተራው ሲደርስ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። የጋዝ ኩባንያዎች፣ የሪል ስቴት ማኅበራት፣ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች በየተራ ቀረቡ። ሁሉም ጉዳያቸውን የሚያውቁ፣ ዝግጅታቸው የሚያስቀና ነበሩ። እኔ ግን ስማቸውን ስመዘግብ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ በእነዚያ ትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖሩት ተከራዮች ከዝርዝሩ ላይ እምብዛም አልነበሩም።

ያደግኩት እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው በእንዲህ ዓይነቶቹ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቀን እናቴ ያለችበት ፎቅ ላይ ወደሚኖሩ አንዲት አዛውንት ሄድኩና ረቂቁን በአማርኛ አስረዳኋቸው። እማማ ቡናቸውን እያቀራረቡ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «የኔ ልጅ፣ ነገሩስ ደግ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ማሞቂያው ሲበላሽ የሚበርደን እኛ ነን» አሉኝ። «ግን ባለቤቱ ሕንፃውን የሚያድሰው በራሱ ኪስ ነው ወይስ በእኔ ኪራይ? እሱን ጠይቂልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ያን ጥያቄ በአንድ ገጽ ማስታወሻዬ ራስ ላይ አሰፈርኩት። የቢሯችን ተወካይም ለአንድ ምስክር በቀጥታ አቀረቡት። ምስክሩ የመለሱት፣ ጉዳዩ የሚወሰነው ሕጉ ከጸደቀ በኋላ የክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሚያወጣው ደንብ እንደሆነ ነው። ያኔ መልሱ ሽሽት መሰለኝ። እየዋለ እያደረ ግን እውነታቸውን እንደሆነ ገባኝ፤ ሕግ ግቡንና ቀኑን ይቆርጣል፣ ዕዳውን ማን እንደሚሸከም የሚለየው ደንቡ ነው። ደንብ በሚወጣበት ክፍል ውስጥ ደግሞ በብዛት የሚገኙት እንዲገኙ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው።

የኤሌክትሪክ ብቻ የሚለው አንቀጽ በድርድሩ ወጣ። በምትኩ የኃይል መስመሩ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠሩ ሕንፃዎችን ጭነት መቻል አለመቻሉ እንዲጠና ታዘዘ። የቀረው አለፈ። አገረ ገዥው ላሪ ሆጋን አልፈረሙበትም፣ አልሻሩትምም፤ በኤፕሪል 2022 ያለ ፊርማ ሕግ ሆነ። ቢሮው ውስጥ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አለቃዬ ብቻ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ደንቡ ላይ እነማን እንደሚሠሩ የስም ዝርዝር ታዘጋጅ ነበር።

ጁን ሲገባ ወደ ዋሽንግተን ተሻገርኩ፤ ፌዴራል ምክር ቤት ውስጥ፣ የአንድ ተወካይ ቢሮ ኢንተርን ሆንኩ። ከአናፖሊስ በኋላ ካፒቶል ሂል ሌላ ዓለም ነው። ሕንፃዎቹ በምድር ውስጥ መተላለፊያ የተያያዙ ናቸው፤ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ደወል ይጮኻል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት መብራቱን ያበራል፣ ኮሪደሩ በአንዴ በሩጫ ይሞላል። ሥራችን ግን ያው ስልክ ነው። እያንዳንዱ ጥሪ በኮምፒዩተር ይመዘገባል፤ ዓርብ ዓርብ ተደምሮ ለተወካዩ ይቀርባል። የቢሮው የሕግ ጉዳይ ኃላፊ፣ «ከወረቀት ላይ የሚያነብልሽን ሰው ቁጥር ውስጥ አስገቢው፤ የራሱን ኑሮ የሚነግርሽን ግን በራሱ ቃል ጻፊው» ብሎኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን የሚደወለው በአብዛኛው ስለ ቤንዚን ነው። በጁን ወር የቤንዚን ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በጋሎን ከአምስት ዶላር በላይ አልፎ ነበር። አባቴ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ማታ ቤት ስገባ ያን ቀን የነዳውንና ለነዳጅ ያወጣውን በደብተር ሲደምር አገኘዋለሁ። «አባዬ፣ ዛሬ ስለ አየር ንብረት ሕግ ስንት ሰው ደወለ መሰለህ» ስለው፣ «ስለ ቤንዚኑስ?» ይለኛል። በእሱ ደብተርና በእኔ ማስታወሻ መካከል ያለውን ርቀት ማጥበብ ከተቻለ ሕጉ ያልፋል፤ ካልተቻለ ይወድቃል ብዬ አምን ነበር። ዛሬም አምናለሁ።

ጁን 30 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዌስት ቨርጂኒያ ጉዳይ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በኃይል ማመንጫዎች ላይ ያለውን ሥልጣን አጠበበ። ያኔ ተስፋው ሁሉ በምክር ቤቱ ድርድር ላይ ወደነበረው ረቂቅ ዞረ። ሴኔት 50 በ50 ተከፍሎ ነበር፤ ረቂቁን ለመጣል የአንድ ሰው እምቢታ በቂ ነበር። በጁላይ አጋማሽ ሴናተር ጆ ማንቺን የረቂቁን የአየር ንብረት ክፍል እንደማይደግፉ ተሰማ። በዚያ ሳምንት በምግብ ቤቱ ወረፋ ላይ የወጣት ሠራተኞች ፊት ጠቁሮ አይቻለሁ። ቤተሰቤ ስልክ ላይ የሚያወራው ደግሞ ስለ ቦረና ነበር፤ ዝናቡ ተከታትሎ ቀርቶ ከብቱ እያለቀ ነበር። በታሪክ ከዓለም አገሮች ሁሉ አብዝታ የሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ አየር የለቀቀችው አገር ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጬ ያን መስማት ከባድ ነበር። ጁላይ 25 የምክር ቤት ሠራተኞች በሴናተር ቸክ ሹመር ቢሮ ቁጭ ብለው ተቃወሙ፤ ስድስቱ ታሠሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ማንቺንና ሹመር መስማማታቸውን አስታወቁ። ለካ ድርድሩ በዝምታ ቀጥሎ ኖሯል።

ኦገስት 7፣ ሌሊቱን ሙሉ በማሻሻያዎች ላይ ድምፅ ሲሰጥ ካደረ በኋላ፣ ሴኔት ረቂቁን 51 ለ 50 አሳለፈው፤ ሚዛኑን የደፉት ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ ናቸው። ኦገስት 12 የተወካዮች ምክር ቤት 220 ለ 207 አጸደቀው፣ ኦገስት 16 ፕሬዚዳንት ባይደን ፈረሙበት። ለኃይልና ለአየር ንብረት ወደ 369 ቢሊዮን ዶላር የተመደበበት፣ በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ የአየር ንብረት ሕግ ነበር። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ እስከ 7,500፣ ያገለገለ ለሚገዛ እስከ 4,000 ዶላር የግብር ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ድምፁ ሲቆጠር ቢሮው ውስጥ የነበርነው ኢንተርኖች ተቃቀፍን። ያን ማታ አባቴ ስለ 4,000 ዶላሩ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ በሁለት ዓመቱም ለእናቴ መመላለሻ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ቅናሹ እዚያው ሻጩ ዘንድ ከዋጋው ላይ ተቀነሰለት።

ዛሬ ያ ቅናሽ የለም። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሌላ ሕግ ብዙዎቹን የግብር ቅናሾች አፈረሳቸው፤ የመኪናው ቅናሽ በሴፕቴምበር 30፣ ለቤት እድሳት ይሰጥ የነበረው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ተቋረጠ። በአንድ ድምፅ ብልጫ የመጣ ሕግ ምክር ቤቱ ሲለወጥ በጠባብ ብልጫ ሄደ። የሜሪላንድ ሕግ ግን አለ። የሕንፃዎቹን ደንብ ሥራ ላይ ለማዋል እስከ 2024 መጨረሻ ቢወስድም 2031 እና 2045 አሁንም የክፍለ ግዛቱ ቀጠሮዎች ናቸው። አንዱ ሕግ ገንዘብ ነበረው፣ ሌላው ቀነ ገደብ አለው፤ ሁለቱ ተያይዘው ነበር መሄድ የነበረባቸው። ገንዘቡ ሲቋረጥ የቀነ ገደቡ ሸክም በክፍለ ግዛቱና በነዋሪው ላይ ይበልጥ ይከብዳል። የእማማ ጥያቄም ከመቼውም በላይ ዛሬ ወቅታዊ ነው።

በሁለቱም ቦታ ያየሁት አንድ ነገር ነው፦ ሕግ የሚጸናው ከጸደቀ በኋላም በሚጠይቀው ሰው ነው። ተደራጅተው የሚመጡት ወገኖች ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው ደንብ ሲወጣ የማይቀሩት። የእኛ ማኅበረሰብ ግን ለምርጫ ተሰልፎ ከዋለ በኋላ ወደየሥራው ይመለሳል። እስከ ሌሊት የሚሠራ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንዳለው አውቃለሁ፤ አባቴ ነውና። ሆኖም በክፍለ ግዛት ቢሮ ውስጥ በአንድ ጉዳይ ላይ ጥቂት ሰው ከደወለ ብዙ ነው፤ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ ጃንዋሪ ይከፈታል። ረቂቆቹ በኢንተርኔት ይወጣሉ፣ ኮሚቴዎቹም አስተያየት በጽሑፍ ይቀበላሉ። ኮሚቴው የሚወያይበትን ቀን የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ፣ የእድርና የታክሲ ማኅበር ሰብሳቢዎች ለአባሎቻቸው ቢያስታውቁ፣ እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ ለወላጆቹ ቢጽፍላቸው፣ ደንብ ሲረቀቅም ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት ዘንድ ቢቀጥሉ፣ «በእኔ ኪራይ ነው ወይስ በራሱ ኪስ?» የሚለው ጥያቄ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገብ ላይ የሰፈረ ጥያቄ ደግሞ መልስ ይፈልጋል።