ከባዶ ላይ ምን ይቀነሳል?

ወገን ወገኑን የሚረዳው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ወረቀት አንብቦ በማስረዳትም ነው። ነገር ግን አጣርቶ ያላነበበ ሰው ከመርዳት ይልቅ ሊጎዳ እንደሚችል እኛው ራሳችን ተምረናል።

በምንለማመድበት የእስራኤል ሆስፒታል በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ አንዲት የአገራችን ሰው አሉ። ከባላቸው ተፋትተው ሁለት ልጆች ለብቻቸው ያሳድጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የጽዳቱ ድርጅት ሲለወጥ አዲሱ አሠሪ «ቅጽ 101» የሚባለውን ወረቀት ሰጣቸው። እሳቸውም «ልጆቼ፣ እስቲ ይህን አንብቡልኝ» ብለው ወደ እኛ መጡ።

አነበብነው። ለብቻው ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ አንድ ተጨማሪ የግብር ቅናሽ ነጥብ ይሰጠዋል። ይህን ለማግኘት የልጆቹን አበል የሚቀበለው እሱ መሆን አለበት፤ ለብቻው የሚኖርና ከሌላ ሰው ጋር ጎጆ ያልመሠረተ መሆንም አለበት። እናትዮዋ ሁሉንም ያሟላሉ። የአንዱ ነጥብ ዋጋ በዚያ ዓመት በወር 242 ሼቄል ነበር። እኛም ተጣድፈን «ከእንግዲህ በየወሩ 242 ሼቄል ይጨመርልዎታል» አልናቸው። መረቁን።

በወሩ መጨረሻ የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው ተመለሱ። አንዲት ሳንቲም አልተጨመረችም። እሳቸው ግን በእኛ ቃል ተማምነው ለልጆቻቸው ጫማ በዱቤ ገዝተው ነበር። አፈርን።

ያን ማታ መጽሐፋችንን አጥፈን ሒሳቡን ሠራን። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 6,247.67 ሼቄል ሆኖ ነበር፤ የእሳቸውም ይኸው ነው። እስከ 7,010 ሼቄል ያለው ገቢ 10 በመቶ ስለሚከፍል ግብራቸው 625 ሼቄል ገደማ ይሆናል። ነገር ግን ነዋሪ ሁሉ 2.25 ነጥብ፣ ሴት ደግሞ ተጨማሪ ግማሽ ነጥብ አላት። የ2.75 ነጥብ ዋጋ 665.50 ሼቄል ነው። የልጆቹን ነጥብ ሳንቆጥር እንኳ ግብራቸው አስቀድሞ አልቋል። ነጥቡ ከግብር ላይ ይቀነሳል እንጂ ገንዘብ ሆኖ እጅ አይገባም። ታዲያ ከባዶ ላይ ምን ይቀነሳል? ነገ ሐኪም ሆነን ለብቻችን ልጅ ብናሳድግ እኛን ሙሉ በሙሉ ይጠቅመናል፤ ወለል የሚወለውሉትን እናት ግን አይደርስላቸውም።

ለእሳቸው የሚሆነው መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ሕግ መሠረት ልጅ ላላቸውና ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሠራተኞች «ማዓናቅ አቮዳ» የሚባል የሥራ ድጎማ አለ። ግብር ለማይከፍልም ሰው በገንዘብ ይሰጣል፤ ካልጠየቁት ግን አይመጣም። ማመልከቻውን አብረን ሞልተን መልሱን እየጠበቅን ነው። የጫማውን ዕዳ ከአበላችን አዋጥተን እንክፈል ብንል «ተማሪ ምን አለው?» ብለው ከለከሉን።

ውድ ጓደኞቻችን፣ በሽተኛ ሳንመረምር መድኃኒት አናዝም። የደመወዝ ወረቀት ሳናይም ተስፋ አንስጥ።