ተርቧና የኡስታዙ ስህተት

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን ብዙ አስተምሮኛል።

በመቱ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ሰሞን፣ ከመድረሳችን መስኮት በላይ አንዲት ጥቁር ተርብ ጭቃ እያመላለሰች ቤት ትሠራ ነበር። ደረሶቹ ዓይናቸውን ከሉሓቸው እያነሱ እሷን ማየት ሲያበዙ ተቆጣሁና ቤቷን በዱላ አፈረስኩት። ከተሰበረው ጭቃ ውስጥ ትናንሽ ሸረሪቶች ረገፉ።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጎንበስ ብላ አየቻቸውና፣ «ኡስታዝ፣ እነዚህ እኮ አልሞቱም፤ እግራቸው ይንቀሳቀሳል። ታዲያ ለምን አይሸሹም?» አለችኝ።

መልሱን አላውቅም ነበር። «አላውቅም» ማለት ግን ከበደኝ። «በጭቃው ታፍነው ነው፤ ዝም ብለሽ ቅሪ!» አልኳት። ልጅቷ አቀረቀረች።

ነገሩ ዕረፍት ነሳኝ። በኋላ ባዮሎጂ የሚያስተምር ጎረቤቴን ጠየቅሁት። ተርቧ ሸረሪቱን ነድፋ ታደነዝዘዋለች እንጂ አትገድለውም፤ ከሞተ ይበሰብሳልና። ከዚያ በላዩ ላይ እንቁላል ጥላ ቤቱን በጭቃ ትደፍነዋለች። የሚፈለፈለው ትል ያንን ስንቅ እየበላ ያድጋል። እኔ በዱላ ያፈረስኩት አንዲት እናት ለልጇ ያስቀመጠችውን ቀለብ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ተርብ የተጻፈ ሳገኝ አነባለሁ። ፕሉማሪዴ የሚባሉ ብርቅ ተርቦች በደቡብ አሜሪካና በደቡባዊ አፍሪካ ደረቅ ምድር ይኖራሉ። ወንዱ ክንፍ አለው፤ ሌሊት ወደ መብራት ይመጣል። ሴቷ ክንፍ ስለሌላት እምብዛም አትታይም። ልጆቿን በምን እንደምታሳድግ ሊቃውንቱን ብትጠይቋቸው፣ ሳያፍሩ «ገና አልደረስንበትም» ይሏችኋል። የእነዚህ ተርቦች ጥንታዊ ዘመድ አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ጀርሲ በተባለው ግዛት፣ 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው አምበር ውስጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ስም ወጥቶለታል። አምበር ተስቢህ የሚሠራበት፣ ዘመን ብዛት ያደነደነው የዛፍ ሙጫ ነው። ሙጫው ገና ሲፈስ ያጣበቀውን ነፍሳት እስከ ክንፉ ጅማት ድረስ ጠብቆ ያቆያል።

አምበር በሀገራችንም አለ። በሰሜን ሸዋ፣ በዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘው በውስጡ ጉንዳንና ሸረሪት ይዟል፤ ጉንዳን ደግሞ የተርብ የቅርብ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ስለዚሁ አምበር የጻፉ ተመራማሪዎች ዕድሜውን 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አሉት። በኋላ እንደገና ሲመረመር ግን ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ይህም እርማት እንደ መጀመሪያው በይፋ ተጻፈ። ከሰባ ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ስህተት ሲታረም ዕውቀታቸው ከበረ እንጂ አልተዋረደም። እኔ ግን በአንዲት ሸረሪት ጉዳይ ለአንዲት ሕፃን ስህተቴን ማመን አቅቶኝ ነበር!

በማግስቱ ደረሶቹን ሰብስቤ፣ «ያን ዕለት የነገርኳችሁ ስህተት ነው፤ አላውቅም ነበር» ብዬ የተርቧን ነገር አስረዳኋቸው። ያከብሩኛል ያልኳቸው ልጆች ይንቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ይልቁንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸው በዛ። ያቺ ልጅማ አሁን ከሁሉም ቀድማ የምትጠይቀኝ እሷ ናት።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ የማታውቁትን ሲጠይቃችሁ አትቆጡ። «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» በሉት። በቁጣ ዝም ያሰኘነው ልጅ ነገ የሚያስፈልገውንም አይጠይቀንም።

አዲስ የጭቃ ቤት መስኮቱ ላይ ተሠርቷል። ዱላዬ ግን ከጥግ አልተነሣም።