ቤታቸውን አስከትለው የሚጓዙ አረጋውያን

በአውስትራሊያ ደቡብ የሰኔና የሐምሌ ቁር ሲበረታ፣ ልጆቻቸውን ድረው በጡረታ የተሰናበቱ አረጋውያን ባልና ሚስት፣ የቤታቸውን ቁልፍ ለበኩር ልጃቸው አስረክበው፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ተጎታች ቤት ከመኪናቸው ኋላ አስረው፣ ሙቀት ወዳለበት ወደ ሰሜን፣ ወደ ብሩም ወይም ወደ ዳርዊን ያቀናሉ። በመንገዳቸውም ናላርቦር የተባለውን ሜዳ በሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ላይ፣ በባላዶኒያና በካይጉና መካከል፣ 146 ኪሎ ሜትር ያህል መታጠፊያ የሌለው መንገድ አለ፤ በዚያ ሽማግሌው መሪውን ይዘው፣ ባለቤታቸው ከቴርሞስ ሻይ እየቀዱ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ነገር ሲያነሡና ሲጥሉ ይውላሉ።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የማረፊያውን ሰዓት ነው። ተጎታቹን ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም እጅግ ጭንቅ ስለሆነ፣ ባልቴቲቱ ከውጭ ቆመው በእጃቸው ይመራሉ፤ ሽማግሌውም ያለ ክርክር ይታዘዛሉ። ብዙ ዘመን በአንድ ቃል ኪዳን የኖሩ ሰዎች መተማመን ከዚህ ይልቅ በምን ይገለጣል? ከዚያም ጥላውን ዘርግተው ወንበር ሲያወጡ፣ በአጠገባቸው የሰፈረው መንገደኛ ሳይጠራ መጥቶ የነዳጁንና የመንገዱን ወሬ ይጠይቃቸዋል።