ሽመላውና የአቦራ ተራራ

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኮልሪጅ፣ ሀገራችንን በዓይነ ሥጋ ሳያይ፣ በፈረንጅ 1816 ዓ.ም. ባሳተመው «ኩብላ ካን» በተሰኘው ግጥሙ፣ ስለ አቦራ ተራራ የምትዘምር አንዲት ሐበሻዊት ድንግል በራእይ እንደ ተገለጠችለት ይናገራል፤ በእጅ ጽሑፉ ላይ የተራራው ስም «አማራ» ተብሎ መገኘቱም፣ የነገሥታት ልጆች ይጋዙባት የነበረችውን አምባ ግሼንን ያሳስባል። ይህን ራእይ እኔ ከልቤ አምነዋለሁ፤ ዘማሪቱን አውቃታለሁና።

በፋሲካ ሰሞን፣ በቤርሼባ ከተማ ሽኩና ሄ በተባለው ሰፈር፣ እማዬ በረንዳው ላይ ቡና ስትቆላ፣ ሽመሎች ከደቡብ መጥተው በላያችን ሲያልፉ አየችና፣ ምጣዱን ከእሳቱ አውርዳ፣ ጢስ የጠገበ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፤ በወገራ ልጅ ሳለች ወፎቹን ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት በዜማ ትጠይቃቸው ነበርና፣ በዚያው ዜማ የወገራን ደኅንነት ጠየቀቻቸው።