ልጄና ሚዛኑ

እኛ እናቶች ስንገናኝ ወሬያችን ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። «አንቺ ደግሞ ከሞተር ምን አገናኘሽ?» ትሉኝ ይሆናል፤ ያገናኘኝ የገዛ ቤቴ ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ ከደብረ ብርሃን አንኮበር በሞተር ብስክሌት ዕቃ ያመላልሳል፤ ማታ ደግሞ በስልኩ የሞተር ውድድር ሲያይ ያመሻል። ሴቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ሲሆን ሯጭ ናት። አበበ ቢቂላ የተወለደባት ጃቶ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ናት፤ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ በእኛ አገር የማይሮጥ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ማታ እራት ላይ ልጄ ስለ ውድድሩ ሕግ ያስረዳን ጀመር። ሞቶ 3 በሚባለው በትንሹ የሞተር ምድብ ውስጥ ሞተሩና ነጂው፣ የነጂው ልብስና የራስ ቁር ጭምር፣ አንድ ላይ ይመዘናሉ፤ ድምሩ ከ152 ኪሎ ግራም ማነስ የለበትም። ቀላል ነጂ ከሆነ ልዩነቱን የሚሞላ ክብደት ሞተሩ ላይ ይታሰርበታል። በትልቁ ምድብ ግን የሚመዘነው ሞተሩ ብቻ ነው፤ ከ157 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ይደረጋል፤ ነጂው የፈለገውን ያህል ይመዝን። ሱፐርባይክ በሚባለው ሌላ ውድድር ደግሞ ባውቲስታ የሚባል ቀላል ስፔናዊ ሁለት ዓመት ተከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ነጂዎች ክብደት እንዲጨመርባቸው ሕግ ወጣ። በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫው ከእጁ ወጣ።

«ቀላሉ ቢያሸንፍ ምን ይጎዳል?» አልኩት።

«እማዬ፣ ሞተር እኮ ጉልበቱ የተቆጠረ ነው። የእኛ አገር አየር ስስ ስለሆነ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ የእኔ ሞተር በባሕር ጠረፍ ሊኖረው ከሚችለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። በቀረው ጉልበት ደግሞ ዳገት ሲመጣ እያንዳንዷ ኪሎ ትሰማኛለች። ሁለት ጆንያ ስጭን ሌላ ሞተር ይሆንብኛል። ለተወዳዳሪዎቹም ከኩርባ ሲወጡ እንደዚያው ነው። ክብደት ባይጨመርበት ኖሮ ልጆቹ ሁሉ ጦም እያደሩ ይመጡ ነበር።»

እህቱ እንጀራዋን በጣቷ እየገፋች፣ «ለእኛ ግን ማንም ክብደት አይጨምርልንም» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በእርግጥ ሩጫም የራሱ የመሣሪያ ሕግ አለው። የጎዳና መሮጫ ጫማ የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ በ2012 ዓ.ም. ተደንግጓል። ደራራ ሁሪሳ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የቪየናን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ፣ የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉ ተሠርዞበታል። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያጠለቀችው ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ነበር። ጫማው እንዲህ በሚሊ ሜትርና በግራም ይለካል። ጫማው ውስጥ ያለችው ልጅ ግን ትናንት ማታ እራት በልታ እንደሆነ የሚጠይቅ ዳኛ የለም።

ነገሩ የተገለጠልኝ ባለፈው ጥቅምት ነው። ልጆቹ አያታቸውን ሊጠይቁ አንኮበር ሄደው ነበር፤ እሷ ከኋላ ተፈናጣ። ማታ ሲመለሱ ልጄ ሞተሩን እያጠበ፣ ለወሬ ያህል፣ «እማዬ፣ ዛሬ ዳገቱን ማርሽ ሳልቀንስ ወጣሁት። አምና እሷን ጭኜ እዚያ ኩርባ ላይ ሁልጊዜ እቀንስ ነበር» አለኝ። ምናልባት ነፋሱ አግዞት ይሆናል። እኔን ግን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነካኝ። ከብርዱ የተነሳ ሁልጊዜ ሹራብ በሹራብ ደርባ ስለምትሄድ ሰውነቷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው? እህል ሻጩ ዘንድ ወስጄ በሚዛኑ ላይ አቆምኳት። ከአርባ ዘጠኝ ኪሎ ወደ አርባ ሦስት ወርዳለች።

በዚያች ሌሊት አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ጠየቅኋት። የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወር ሆኖታል። «ቀላል ስትሆኚ እንዲህ ነው፤ ደህና ሯጭ መሆኔ ነው ብዬ ነበር» አለችኝ።

ሐኪሙ ያስረዳን ሌላ ነበር። ሰውነት ለሩጫ ያወጣውን ያህል ምግብ ካላገኘ፣ ለጊዜው ያላስፈለገውን ሥራ አንድ በአንድ ይዘጋል፤ የወር አበባው የሚቀረው ለዚህ ነው። ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል፤ በልምምድ ብቻ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። መጀመሪያ ሰሞን በመቅለሏ ትፈጥን ይሆናል፤ ቆይቶ ግን ጉልበቷም ይከዳታል። ለሁለት ወር ውድድር እንዳትገባ ነገረን።

አሰልጣኟንም አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ልጆቹን በተራ ይመዝናል፤ ቁጥሩንም በሁሉም ፊት ጮክ ብሎ ያነባል። «ቀንሺ ያልኩት እኮ እሷን ሳይሆን ሌላዋን ነው» አለኝ። እኔም፣ «የሰማችው ግን የእኔዋ ናት» አልኩትና ወጣሁ። ከዚህ የበለጠ ልናገረው ይገባኝ ነበር።

ልጄ ውድድሩ ስለቀረባት ሦስት ቀን አኩርፋኝ ሰነበተች። ወንድሟ በሞተሩ ወስዶ ጓደኞቿ ሲሮጡ ከዳር ቆማ እንድታይ አደረጋት፤ መልካም ያደረገ መስሎት ነው፤ እንባዋን እየዋጠች ተመለሰች። እኔ ጠዋት ጠዋት በሶ በማር በጥብጬ ኩባያውን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ትናንት ማታ ስመለስ ኩባያውን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ጠጥታው ይሁን ደፍታው አልጠየቅኋትም።