አሥር በአሥራ አምስት

የጣና ሐይቅ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደቡባዊ ዳርቻው በተቆረቆረችው በባሕር ዳር ከተማ አንድ መምህር በቤት ሥራ ማኅበሩ በኩል የደረሰው ቦታ ግን ወርዱ 10፣ ቁመቱ 15 ሜትር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ይፈቅድ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ በዚህ 150 ካሬ ሜትር ላይ ምን ያህል ኑሮ መደላደል እንዳለበት ይገነዘባል። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ከዘጌ የመጡ አሮጊት እናት፤ በጠቅላላው አምስት ነፍስ።

ነዳፊው ያመጣው ፕላን በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነበር። ሳሎኑ 5 በ5 ሜትር ሆኖ በመንገዱ በኩል ተንጣሏል፤ ሁለቱ መኝታ ቤቶች እያንዳንዳቸው 3 በ3 ሆነው ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ ይጋራሉ፤ ማድ ቤቱ 2 በ2 ሆኖ በጓሮ በኩል ከመጸዳጃው ጎን ተወሽቋል። እናትየው የት እንደሚተኙ አልተመለከተም። መምህሩም «ሳሎን ውስጥ አልጋ ይዘረጋላቸዋል» ብሎ ነገሩን አሳለፈው።

ባለቤቱ ግን በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ነበረችና፣ ክሩ የሚበጠስበትን ቦታ አስቀድሞ ማየት ልማዷ ነው። «ወረቀት ሁሉን ይችላል፤ እስቲ መሬት ላይ እንየው» አለች። አንድ እሑድ ጠዋት ችካልና ሲባጎ ይዘው ወደ ቦታው ሄዱ። ግድግዳ በሚቆምበት ሁሉ አመድ አፈሰሱ፤ በር በሚሆንበት ክፍት ተዉ። የሐይቁ ነፋስ አመዱን ሳይበትነው ቤቱ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ ታየ።

እናትየው ከማድ ቤቱ መስመር ውስጥ ገብተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ምጣድ ከፊታቸው እንደተጣደ ሁሉ አክንባሎውን አንስተው ወደ ጎን ሲያኖሩ፣ ክንዳቸው ከአመዱ አልፎ መጸዳጃ ቤት ገባ። ልጆቹ ሳቁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ሊጡስ የት ይቀመጥ? ሰፌዱስ? ጭሱስ በየት ይውጣ?» አሉ።

ሚስትም ከመኝታ ቤቱ መስመር ውስጥ ቆማ፣ «እኔ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ስተኛ፣ አንተ እንግዳ ስታጫውት፣ በመካከላችን ያለው ይህ አንድ ግድግዳ ነው» አለችው።

መምህሩ ለሳሎኑ ተከራከረ። በኪራይ ቤት ባሳለፋቸው ዓመታት እንግዳውን በር ላይ አቁሞ ያነጋገረበት ጊዜ ብዙ ነበርና ሳሎኑ ለእርሱ የክብር ጉዳይ ነበር። እናቱ ይህን ስለሚያውቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ድግስ በዓመት አንዴ ነው፤ ለእርሱም የዕድሩ ድንኳን አለልህ። እንጀራ ግን በየሦስት ቀኑ ይጋገራል» አሉት። ቀጥለውም በዘጌ ያለችውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ጠቀሱለት። እርሷ ክብ ናት፤ ቅኔ ማኅሌቱ በውጭ፣ ቅድስቱ በመካከል፣ መቅደሱ በውስጥ ነው። የሚጠበቀው ነገር ወደ ውስጥ ይገባል።

ሰፊ ቦታ የነዳፊን ስሕተት ይሸሽጋል። በጠባብ ቦታ ላይ ግን እያንዳንዱ የተሳሳተ ክንድ ከቤተሰቡ በአንዱ ሰው ላይ ያርፋል፤ ያም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማይከራከረው ነው። ስለዚህ ከሜትሩ በፊት ማን የት ቆሞ ምን እንደሚሠራ፣ ማንስ መቼ እንደሚያርፍ መጠየቅ ይገባል።

ሳሎኑ 4 በ3.5 ሆነ። ከእርሱ ከተረፈው 11 ካሬ ሜትር ላይ 3.5ቱ ለማድ ቤቱ ተጨመረና 3 በ2.5 ሆነ፤ የጭስ መውጫም ተበጀለት። መኝታ ቤቶቹ ከሳሎኑ ርቀው ወደ ጓሮ ዞሩ። የቀረው 7.5 ካሬ ሜትር፣ ልክ እንደ ማድ ቤቱ 3 በ2.5 የሆነ አንድ ክፍል ወጣው።

ነዳፊው አዲሱን ፕላን ሲያመጣ በዚያች ክፍል ላይ «ዕቃ ቤት» ብሎ ጽፎባት ነበር። መምህሩ እርሳሱን ተቀብሎ ሰረዘውና ከበላዩ «እልፍኝ» ብሎ ጻፈ።