ትራስ ይዘን የነዳን

መንጃ ፈቃድ ስንማር ሦስታችንም ትራስ በፌስታል ይዘን ነበር የምንሄደው። የማሠልጠኛው መኪና ወንበር ወደ ፊት አይጎተትም፤ ተበላሽቷል። ፍሪሲዮን ለመርገጥ ዝቅ ስንል መንገዱ አይታየንም፤ መንገዱን ለማየት ቀና ስንል ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይርቀናል። አሠልጣኛችን «ችግሩ ቁመታችሁ ነው!» ይሉናል። እኛም አመንናቸው።

በኋላ ስለ ፎርሙላ ዋን ስናነብ ግን ገረመን። ለካ እዚያ ወንበር የሚሠራው በሾፌሩ ልክ ነው! ሾፌሩ ኮክፒቱ ውስጥ ከረጢት ላይ ይቀመጣል፤ ከረጢቱ ውስጥ ፈሳሽ ፎም ይጨመራል፤ ፎሙ አብጦ ሲደርቅ የጀርባውና የዳሌው ቅርጽ ይቀራል። ወንበሩ ከሰፋው ኩርባ ላይ ሰውነቱ ይወዛወዛል፤ መሪውን የሚይዘው ለመንዳት ሳይሆን ላለመውደቅ ይሆናል። ከጠበበው ደግሞ ጎኑንና ዳሌውን እየወጋው ሐሳቡ ከመንገዱ ላይ ይነሳል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጅ ራስል ኮቪድ በያዘው ሉዊስ ሃሚልተን ምትክ ባህሬን ላይ ተወዳድሮ ነበር። ራስል ረጅም ነው፤ ኮክፒቱ ውስጥ ለመግባት ከልኩ ያነሰ ጫማ አደረገ። እንዲያም ሆኖ አብዛኛውን ዙር መርቷል፤ የጨረሰው ግን ከጎማ ጋር በተያያዙ ችግሮች ምክንያት 9ኛ ሆኖ ነው። ሰው ሁሉ ፍጥነቱን አደነቀ። እኛ ያሰብነው የእግሩን ጣቶች ነው።

ከሦስታችን አንዷ «እኔ አልችልም» ብላ ትምህርቱን አቁማለች። ያልቻለው ግን ወንበሩ ነበር። ሰሞኑን እንመልሳታለን። ከመመዝገባችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለን፦ ወንበሩ ይንቀሳቀሳል?